ብሎኑ እምቢ ያለ እሑድ

...እና ጎረምሳው እንዳልክ ከፒካፑ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ብሎኑን ይለምናል። አዎ፣ ብሎን ይለምናል። ና፣ ጎማው ላይ ቁጭ በል፣ ብዙ አላመለጠህም። ፒካፑ ቆሞ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ከነበረው አራት ጣት ከፍ ብሏል፣ አንገቱን መዘዝ አድርጓል። ጉዱ የሚመጣው ሲነዱት ነው። ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ፍየል ይዘላል።

እንዳልክ የሚፈልገው ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ሦስት ሽማግሌ ጭኖ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ጋሽ ደምለው ግቢ ማድረስ። በቃ። የጋሽ ደምለው ልጅ ትርንጎ እሺ ካለችው ከርማለች፤ የቀረው የአባትየው እሺ ነው፣ እሱን የሚያመጣው ደግሞ ሽማግሌ ነው። ባለፈው እሑድ ሲሄዱ ከወንዙ ማዶ ያለው ድንጋይ፣ ሰዉ «ሆድ ፈታሽ» የሚለው፣ ፒካፑን ከሆዱ ይዞ አስቀረው። ሽማግሌዎቹ ወርደው ዳገቱን በከዘራ ጨርሰው ሲደርሱ ፀሐይ ገብታለች። ጋሽ ደምለው በር ላይ እንደቆሙ፣ «ሽማግሌ በጨለማ አይመጣም» አሉ። «የዛሬ ሳምንት እስከ ስድስት ሰዓት ከመጣችሁ እሰማለሁ። ካለፈ ግን ነገሩ አልነበረም። መኪናውን ድንጋይ ያሸነፈበት ልጅ፣ ልጄን የት ሊያደርሳት ነው?»

ይህች ቃል እንዳልክን ሳምንቱን ሙሉ ስትበላው ሰነበተች። መካኒኩን ሙክታርን ለምኖ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙትን አሮጌ ባሌስትራዎች አስወለቀ፣ ወፍራምና ጎበጥ ያሉ አዳዲሶች አስገባ። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ ሙክታር እጁን እየታጠበ፣ «ብሎኖቹን በስሱ ነው ያስያዝኳቸው። ነገ መጥቼ አጠብቃቸዋለሁ፤ እንዳትነካቸው» አለው። ሲነጋ ሙክታር ልቅሶ ገጠመውና ገጠር ሄደ። እንዳልክ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ፒካፑ ገና ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቁልፉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ብሎኖቹን ጥርቅም አደረጋቸው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ ወደሚጠብቁበት ወደ እትዬ ዘነቡ ሻይ ቤት ነዳ። ሲጢጥ፣ ዝላይ፣ ሲጢጥ፣ ዝላይ።

«እኔ እዚያ ላይ አልወጣም» አሉ ጋሽ ፈረደ፣ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ። «ወገቤን ባለፈው እሑድ ድንጋዩ ላይ ጥዬው ነው የመጣሁ። ደግሞስ ሽማግሌ እየጮኸ ሰው ቤት ይገባል? ፒካፑ ዝም ይበል፣ እኛም እንነሣለን።»

እንዳልክ የፒካፑን ግንባር መታ መታ አደረገ። «አንተ ፒካፕ፣ ዝም በል እንጂ። አንተ ስትጮህ ሽማግሌዎቹ አይነሡም፣ ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ትርንጎ ቀረች።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ፒካፑ። «ባሌስትራው አልተኛ ብሎኝ።»

ጎንበስ ብሎ ወደ ባሌስትራው ሄደ። «አንተ ባሌስትራ፣ ተኛ እንጂ። አንተ ካልተኛህ ፒካፑ ይጮኻል፣ ፒካፑ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ አይነሡም፣ ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ትርንጎ ቀረች።»

«እኔ ምን ላድርግ? ጎሚኒዋ ጆሮዬን ጠምዝዛ ይዛኝ።»

ጎሚኒ ማለት በባሌስትራው ጆሮ ውስጥ የምትቀመጥ ክብ ጎማ ናት። ከእንቁላል ብዙ አትበልጥም፣ ጣጣዋ ግን የትየለሌ ነው። «አንቺ ጎሚኒ፣ ተቃኚ እንጂ። አንቺ ካልተቃናሽ ባሌስትራው አይተኛም፣ ባሌስትራው ካልተኛ ፒካፑ ይጮኻል፣ ፒካፑ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ አይነሡም፣ ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ትርንጎ ቀረች።»

«እኔ ምን ላድርግ? ብሎኑ አንቆኝ። አንተን እንዲህ ቢያንቁህ ትቃና ነበር?»

አንተ የገባኸው እዚህ ላይ ነው። በጀርባው ተኛ፣ ብሎኑን ለመነ። «አንተ ብሎን፣ ላላ እንጂ። አንተ ካልላላህ ጎሚኒዋ አትቃናም፣ ጎሚኒዋ ካልተቃናች ባሌስትራው አይተኛም፣ ባሌስትራው ካልተኛ ፒካፑ ይጮኻል፣ ፒካፑ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ አይነሡም፣ ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ትርንጎ ቀረች።»

«እኔ ምን ላድርግ? ቁልፉ አልዞር ብሎ። ጠዋት በሁለት እግርህ ስትቆምብኝ ማን ይፈታዋል ብለህ ነበር?»

ቁልፉን ተቆጣው። «አንተ ቁልፍ፣ ዙር እንጂ። አንተ ካልዞርክ ብሎኑ አይላላም፣ ብሎኑ ካልላላ ጎሚኒዋ አትቃናም፣ ጎሚኒዋ ካልተቃናች ባሌስትራው አይተኛም፣ ባሌስትራው ካልተኛ ፒካፑ ይጮኻል፣ ፒካፑ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ አይነሡም፣ ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ትርንጎ ቀረች።»

«እኔ ምን ላድርግ? ክንዴ አጭር ሆኖ። ረጅም ቱቦ ጫፌ ላይ ሰካልኝ፣ እንኳን ብሎን ድልድይ እፈታለሁ።»

እሑድ ነው፤ የብረት ሱቅ ሁሉ ዝግ። እንዳልክ ከሥር ወጥቶ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ቢያይ በሰፈሩ አንድ ቱቦ ብቻ አለ፤ እሱም የእትዬ ዘነቡን ሸራ ደግፎ ቆሟል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ያችን ቱቦ ለአሥር ደቂቃ።»

«አሥር ደቂቃህን አውቃታለሁ፣ መዶሻዬን ከወሰድክ ፋሲካ አለፈ።»

«በትርንጎ ይሁንብዎት። ቱቦው ካልመጣ ቁልፉ አይዞርም፣ ቁልፉ ካልዞረ ብሎኑ አይላላም፣ ብሎኑ ካልላላ ጎሚኒዋ አትቃናም፣ ጎሚኒዋ ካልተቃናች ባሌስትራው አይተኛም፣ ባሌስትራው ካልተኛ ፒካፑ ይጮኻል፣ ፒካፑ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ...»

«ቆይ» አለች ዘነቡ። «ቱቦው ሲነቀል ሸራው ይወርዳል። ሸራው በማን ላይ ነው የሚወርደው?»

እንዳልክ ዞሮ አየ። ከሸራው ሥር፣ በጥላው፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል።

«እነሱ ይነሡ፣ ውሰድ» አለች።

«እኛማ ፒካፑ ዝም ሲል እንነሣለን አልን» አሉ ጋሽ ፈረደ።

ይኸው ተጠመጠመ። ሽማግሌዎቹ ካልተነሡ ቱቦ የለም፣ ቱቦው ከሌለ ሽማግሌዎቹ አይነሡም። ይህን ሲያስብ ስልኩ ጠራ። ትርንጎ ናት፣ ድምጿን ቀንሳለች።

«አባባ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል።»

«የት?»

«ሻይ ቤት።»

ትርንጎ ሰዓቱን አየች። ከዚያ፣ «አምስት ሰዓት ሆኗል፣ እንዳልክ» ብላ ዘጋችው። ጎረምሳው ጎማ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥበት ቦታ አጣ።

ከሽማግሌዎቹ እስከዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ያልተነፈሱት አባባ ይመር ነበሩ። በጉልምስናቸው ከቆላ ጨው በበቅሎ ያመላለሱ ሰው ናቸው፤ ስለ መኪና የሚያውቁት በየትኛው በር እንደሚገባ ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ብሎን ስታጠብቀው መኪናው የት ነበር?»

«ክሪክ ላይ ነበር፣ አባባ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ።»

«ባዶውን? ተንጠልጥሎ?»

«አዎ።»

አባባ ይመር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኔ የጭነቱን ገመድ፣ ማጫኛውን፣ ባዶ ጀርባ ላይ አጥብቄ ኋላ ጨው ብጭንባት፣ በቅሎዬ ምን የምትሆን ይመስልሃል? መጀመሪያ ትጮኻለች፣ ከዚያ ትራገጣለች። ማጫኛ የሚጠብቀው ጭነቱ ካረፈ፣ እንስሳዋም በአራት እግሯ ከቆመች በኋላ ነው። ያንተ በቅሎ ምን አጠፋች?»

እንዳልክ ወደ ብሎኖቹ ዞሮ አየ። የሙክታር «እንዳትነካቸው» አሁን ገና ጆሮው ገባች።

«ጭነቱ እኛ ነን፣ ፈረደ» አሉ አባባ ይመር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ተነሥ። ዘነቡ፣ አንቺም ፒካፑ ላይ ውጪ፣ ሦስት ሽማግሌ ክብደት አይደለም።»

«ወፍራም ነሽ ለማለት ይህን ሁሉ ዞራችሁ?» አለች ዘነቡ፣ ግን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ሸራው ወረደ፣ ሸራው ሲወርድ ቱቦው ወጣ፣ ቱቦው ሲወጣ ቁልፉ ዞረ፣ ቁልፉ ሲዞር ብሎኑ ላላ፣ ብሎኑ ሲላላ ጎሚኒዋ እፎይ ብላ ተቃናች፣ ጎሚኒዋ ስትቃና ባሌስትራው ከነጭነቱ ተኛ። ያኔ፣ አራቱም ከላይ እንደተቀመጡ፣ እንዳልክ ከሥር ብሎኑን አጠበቀ። በእጁ ብቻ፣ እግሩን ሳያነሣ። በአራቱም ብሎኖች ላይ እንዲሁ አደረገ። ፒካፑን ነዳው፣ ጉድጓዱን ረገጠ።

ዝም።

ዘነቡን አወረደ፣ ሽማግሌዎቹን ከፊት አስገባ፣ ወንዙን ተሻገሩ። ሆድ ፈታሽ እንደ ልማዱ ሊፈትሽ አንገቱን አውጥቶ ቆሞ ነበር። ፒካፑ ከላዩ አለፈ። ጋሽ ፈረደ በመስኮት ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሁለት ጣት ተርፎታል» አሉ፣ ወገባቸውን ረስተው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ጋሽ ደምለው በር ደረሱ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ልጁ አይገባም፣ ደንቡ ነው። እንዳልክ ምን እንደሚሆን ጠፍቶት ከፒካፑ ሥር ገባና ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይነካ ጀመር። ውስጥ የሚናገሩት አይሰማም። ብዙ ቆየ። ኋላ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፣ ሁለት ጫማዎች ወጥተው ጎማው አጠገብ ቆሙ። ጋሽ ደምለው ቁጢጥ አሉ፤ ሰዓቱ እጃቸው ላይ ተመልሷል።

«ይመር ያወራልኝ ብሎን ይሄ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጠብቋል?»

«ጭነት ላይ እያለ ነው ያጠበቅኩት።»

ጋሽ ደምለው ብሎኑን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲያው ከዚያ ውጣና እጅህን ታጠብ፤ ምሳ ቀርቧል።»