በድሬ ሙቀት የሰፋው የወርቅ ሰዓት

ድሬዳዋ ላይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በዕቃ የሚያላክክ ሰው በተገኘ ቁጥር የሚወረውሩበት አንድ አጭር አባባል አለ። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ ወርዋሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ነው የሚወረውረው። እኔ ከሚያውቁት ሰዎች አፍ ፈልቅቄ ካወጣሁት ወዲህ ግን ስቄበት አላውቅም። እንዲያውም ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሰው እጅ ላይ ነው።

ድሬ አንቱታ አይዋጥላትም። እኔም ትልቁን ትንሹን አንተ፣ አንቺ እያልሁ ልተርክ፤ የሚቀየም ይቀየም።

ወንድይፍራው የባቡር ሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበር። ክንዱ የሌላው ሰው ጭን ያህላል ይሉታል፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን የሐዲድ ቁራጭ ብቻውን ትከሻው ላይ ያወጣ ነበር። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የተመኘውን የወርቅ ሰዓት ሊገዛ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ወደ አው አብዶሽ ሱቅ ሄደ። አብዶሽ ሐረሪ ነው፤ «አው» የሚሉት ለአክብሮት ነው። ሰዓት ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ለማንም አይቸኩልም። ሦስት ሰዓት አውጥቶ ጨርቅ ላይ ደረደረለት።

«ይኼ ወርቅ ነው፤ ቀፎው ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር። ይኼ የማይዝግ ብረት፣ ሠላሳ ስድስት። ይኼ ነጭ ወርቅ፣ ሠላሳ አራት። ወርቅ ይከብዳል፣ ቶሎም ይጫራል። ብረቱ ግን አንተ ራስህ ብትወድቅበት ግድ የለውም።»

«ፊቱስ? ነጩ ይሻላል ጥቁሩ?»

«ነጭ ፊት ሰዓቱን ያሰፋዋል፣ ጥቁር ይሰበስበዋል። እንደ ቀሚስ ነው።»

«አቦ፣ ቀሚስ ለብሼ አላውቅም! ወርቁን በነጭ ፊት አድርገው። ከጣቢያው ማዶ የሚታይ ይሁን።»

ለዚያ ክንድ የሰዓቱ ሰንሰለት አልበቃ ብሎ ሁለት ቀለበት ተጨመረበት።

በሁለተኛው ወር ወንድይፍራው ተመለሰ። ሰዓቱ ቁልቁል ወርዶ እጁ ጀርባ ላይ ተጋድሟል።

«ሰፋ» አለ።

«ምኑ?»

«ሰዓቱ ነዋ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ስገጥም የኖርሁ ሰው ነኝ። በሐዲድና በሐዲድ መካከል ክፍተት ካልተውህለት የድሬ ፀሐይ ብረቱን ታስረዝመውና ባቡር ትገለብጣለች። ብረት እንዲህ ከሆነ ወርቅማ ምን ይሁን?»

«ወርቅ ቅቤ ነው እንዴ? ሐዲድ እኮ ያን ያህል የሚረዝመው ርዝመት ስላለው ነው። ይኼ የውሃ ብርጭቆ አፍ እንኳ አይሞላ!»

«ለካው!»

አው አብዶሽ ካሊፐሩን፣ ያን ጥርሳም የብረት መለኪያውን፣ አውጥቶ ቀፎውን ቆነጠጠ። ሠላሳ ስምንት።

«እሱስ ብረት አይደል? አብሮ ሰፍቷላ!» አለ ወንድይፍራው፣ እንደረታ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

አው አብዶሽ ሁለቱን ቀለበት አወጣለት። መልሶ ሲያስርለት ግን ጣቱ የወንድይፍራውን ገላ ነካ። ግንቦት ነው፣ ቀትር ነው፣ የሱቁ ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ ክንዱ ግን ጥላ ውስጥ እንዳደረ እንስራ ይቀዘቅዛል። ከቆዳው ሥር ደግሞ ትርታው ከሰዓቱ ቀድሞ ይሮጣል። አው አብዶሽ አንድ ቃል አፉ ላይ መጣበት። ዋጠው።

የዋጠበት ምክንያት ነበረው። በዚያው ሰሞን ከወንድይፍራው ሠራተኞች አንዱ «ጋሼ፣ ምነው ከሳህ?» ቢለው፣ «ሟርተኛ! በራስህ ይድረስ!» ብሎ ከሥራ ቦታው አባሮታል። ሚስቱ ስንዱም አንድ ቀን ምሳ ላይ ይህንኑ ብትለው ትሪውን ገፍቶ ተነሥቷል፤ ሳምንት ሙሉ አላናገራትም። ከዚያ ወዲህ ስንዱ አፏን ዘግታ በመርፌ መናገር ጀመረች። ሥራ ሲሄድ ሱሪውንም ሸሚዙንም እያወጣች ታጠብባለች፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጣት። ያልገባው ሰው ሱሪውን ሲታጠቅ ይኩራራል።

«አየሽ? ሱሪዬ ልክ ነው፤ ሸሚዜ ልክ ነው። ያ ሐረሪ ነው የተጫወተብኝ!»

ወርቁን መልሶ ብረቱን በጥቁር ፊት ወሰደ። በወሩ ብረቱ ክርኑ ጋ ደረሰ። ብረቱን መልሶ ነጩን ወርቅ ወሰደ። ነጩ ወርቅማ ባሰበት። አንድ ቀን ጣቢያው ላይ ሰው ሰላም ሊል እጁን ቢያነሣ፣ ሰዓቱ እጅጌው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሰላም የተባለው ሰው ከወንድይፍራው ብብት ሥር ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ መንገድ ቀየረ።

በመጨረሻ ወንድይፍራው አው አብዶሽን ለሽማግሌ ከሰሰው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢያቸው ተካበ የሚባል ጡረተኛ ባቡር ነጂ ነው። ዋዜማውን ስንዱ የተካበን ደጅ አንኳኳች።

«ተካበ፣ ሰዓቱ ምንም አልሆነም። ባሌ ነው እያለቀብኝ ያለው። ከኔ አልሰማም፤ ከናንተ ይሰማል። እባክህ ሐኪም ቤት ሂድ በሉት።»

«እኔ እነግረዋለሁ፤ አታስቢ» አላት።

ሽምግልናው የተቀመጠው ሱቁ ፊት ለፊት፣ አሮጊቷ አዮ ኸድጃ ጊሽጣ ከምትሸጥበት ዛፍ ሥር ነው። ስንዱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመች። ሦስቱን ሰዓቶች ቆርቆሮ ላይ አድርገው ለፀሐይ ሰጧቸው። እስኪያቃጥሉ ጠብቀው አስለኩ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አራት። አንዲት ፀጉር ታህል የጨመረ የለም።

«ፀሐይ ላይማ አይሰፋም!» አለ ወንድይፍራው። «ሰው ላይ ነው የሚሰፋው። ተመልከቱ!»

ወርቁን አንሥቶ አጠለቀ። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን እንደሚምል ሰው ሽቅብ አነሣ። ሰዓቱ ምንም ሳይነካው ወረደ። ክርኑን አለፈ፣ ብብቱ ሥር ሄዶ ቆመ። የቀትር ፀሐይ ከዛፉ መሐል ገብታ ክንዱ ላይ አረፈች፤ ያን ጊዜ የነበሩት ሲያወሩ፣ ብርሃኑ በክንዱ ውስጥ ያለፈ ነው የመሰለን ይላሉ።

«አያችሁልኝ?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ በዝቶ ታየ።

አንዱ ሽማግሌ አንዱን አየ፤ ሁለቱም ተካበን አዩ። ስንዱም የተካበን ማጅራት ትክ ብላ ታያለች። ተካበ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዘራውን መሬት ላይ አዟዟረ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሰውየው ነገ ቢሞት፣ «ተካበ አሟረተበት» ሊባል ነው። ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው አንዲት ቃል ወደ ፊት መንዳት አቃተው።

«አንተ ልጅ፣ እስኪ ክንድህን…» ብላ አዮ ኸድጃ ብድግ አለች።

«አዮ!» አላት ተካበ በቁጣ። «ሟርት አታውሪብን! ሽማግሌው እኛ ነን።»

አዮ ኸድጃ ተቀመጠች። ተካበም መሬት መሬት እያየ ፈረደ፦

«አብዶሽ ትንሽ ሰዓት ይለውጥለት። ልኩን ይስጠው።»

አው አብዶሽ ገብቶ ብዙ ቆየ። ይዞ የመጣው በሱቁ ካለው ሁሉ ትንሹን ነው፤ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር፣ የሴት ሰዓት፣ ፊቱ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል። ሲያስርለት ሰዓቱ ልክክ አለ።

«ይኼ ነው ሰዓት!» አለ ወንድይፍራው። «መጀመሪያውኑ ይኼን ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» ሦስቱንም ሽማግሌዎች እየመረቀ፣ ክንዱን ከፊቱ ዘርግቶ እያየው ሄደ። ስንዱ ወዲያው አልተከተለችውም። የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። ዓይኗን የሚመልስላት ስታጣ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ሄደች።

በአሥራ አንደኛው ቀን እዚያው ሰፈር ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ሞላ። ስንዱ አላለቀሰችም፤ የመጣውን ሁሉ እጅ እጁን ታያለች። ተካበ ከዘራውን ተደግፎ ገባና ከአዮ ኸድጃ አጠገብ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እንደው ምን ነካብን? ያን የመሰለ ጎበዝ! ደኅና አልነበረም እንዴ?»

አዮ ኸድጃ ዞር ብላ ዓይን ዓይኑን አየችውና እንዲህ አለች፦ «ክንዱ ከስቶ፣ ሰዓቱን ከሰሰ!»