የአራጋው ፎቶና የእንድሪስ ኮት

ልጆቼ፣ እኛ ውርጌሳ ላይ የምትባል አንዲት አባባል አለች። ሰው ዋናውን ጉዳይ ጥሎ ዙሪያውን ለማሳመር ሲጣደፍ ያዩ እንደሆነ ትልልቆቹ ጣል ያደርጓታል፤ ክርክሩም እዚያው ይበርዳል። አሁን አሁን ከየት እንደመጣች የማያውቁትም ይሏታል። አባባልም እንደ ሰው ወላጅ አለው፤ የዚህችኛዋ ወላጅ ደግሞ ሐዘን ነው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፤ ግን ስሙት።

ከአስፋልቱ ዳር እንድሪስ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረ። የሱቁ ግድግዳ ላይ ሐይቅ ተሥሏል፤ ሠዓሊው ቦታ ተርፎት ኖሮ ከሐይቁ በላይ አውሮፕላን ጨምሮበታል። በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት በምስማር ተሰቅሎ ይኖራል። የከተማችን ወንድ ግማሹ ፎቶ የተነሣው በዚያ ኮት ነው። ቀጭን ሰው ሲለብሰው እንድሪስ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይይዝለታል፤ ወፍራም የለበሰው ጊዜ አይቆለፍምና እጁን ደረቱ ላይ እንዲያጣምር ይመክረዋል። «ሙሽራው ብዙ፣ ኮቱ አንድ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በፊልሙ ዘመን እንድሪስ የሰዉን ሁሉ ነጋቲቭ በካርቶን ያስቀምጥ ነበር። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ግን ካርቶኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ፊት ሁሉ የገባው ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው ኮምፒውተር ነው።

የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጅ አራጋው እዚያ ሱቅ ገብቶ ፎቶ የተነሣው ከአገር ሊወጣ ሲል ነው። ኮቱን ለብሶ፣ አውሮፕላኑ ሥር ቆመ። አንዲት ትንሽ አሳትሞ ኪሱ ከተተና፣

«ትልቁን ሲያልፍልኝ ለእናቴ ታትምላታለህ ጋሼ» አለው። «ያን ጊዜ እኔም የራሴ ኮት ይኖረኛል።»

«አንተ ብቻ በሰላም ድረስ» አለ እንድሪስ እየሳቀ። «ከቻልክ ለኛም አንድ ላክልን፤ ይኼ ክንዱ አልቋል።»

አልደረሰም። በጅቡቲ በኩል ወርዶ፣ ከሰው ጋር ታጭቆ የተሳፈረባት ጀልባ ባሕር ላይ ተገለበጠች። ባሕሩም ከወሰዳቸው ማንንም አልመለሰ። መርዶው ውርጌሳ ገባ፤ ለእሑድ ልቅሶ ተባለ፤ ዘመድ ከየገጠሩ ሊመጣ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እንዲህ ባለ ልቅሶ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ፎቶው ላይ ነው። ማንጠግቦሽ ቤት ደግሞ አንድም የአራጋው ፎቶ አልነበረም። ያችን ትንሿን ኪሱ ውስጥ እንዳለች ባሕር በላት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ማንጠግቦሽ ታላቅ ወንድሟን አያ ካሳውን አስከትላ ወደ ሱቁ መጣች። አያ ካሳው ጎጆ ከዳኝ ነው፤ በዙሪያው ካለው ገጠር እሱ ያልከደነው የሣር ቤት ጥቂት ነው። እንድሪስ ብድግ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» ከማለቱ፣

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ልጄን ስጠኝ» አለችው።

እንድሪስ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ኮምፒውተሩን ከፈተ። ኮምፒውተሩ ከታመመ ሰንብቷል፤ ለመነሣት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከውስጡ ጥፍር ጠረጴዛ ሲመታ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ያን ዕለት ግን ተነሣ። ፎቶዎቹ ያሉበት ተከፈተ፤ ከብዙ ትንንሽ ፊቶች መካከል አራጋው፣ ከክብሪት ቀፎ በማይበልጥ ምስል፣ አውሮፕላኑ ሥር ቆሞ ታየ።

ማንጠግቦሽ ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች።

«ይኸውና አራጌ» አለች። ቆየት ብላም፣ «ከስቶ ነበር እንዴ?»

«የኮቱ ስፋት ነው እትዬ» አላት እንድሪስ።

ምስሉን አጉልቶ ሊያትም ማሳተሚያውን ፕሮግራም ጠራው። አልከፈት አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ፋይል ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ደጃፉ ላይ ናኦድ የሚባል ወጣት ቆሞ ነበር። ጎረቤት ላለ የዘመድ ሠርግ ከደሴ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሻንጣውን ይዞ ሚኒባስ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ጥገና የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ደግሞም ልበ ጥሩ። ሲቸገሩ አይቶ ገባ።

«ጋሼ፣ ይኼ ቀላል ነው። የኮምፒውተሩ የራሱ ፋይሎች ናቸው የተበላሹት። የሚፈትሻቸው ነገር አብሮት አለ፤ ላስነሣው።»

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥን ከፍቶ ትእዛዝ ጻፈ። አያ ካሳው አንገቱን አስግጎ፣ «ምን እያደረግህለት ነው ልጄ?» አለው።

«አባባ ጎጆ ይከድናሉ አይደል? ይኼም እንደሱ ነው። ክዳኑን ዘለላ በዘለላ ያያል፤ የበሰበሰውን ሲያገኝ ይመዝና፣ ከጓሮ ካለው የሣር ክምር አዲስ አምጥቶ ይተካበታል።»

የአያ ካሳው ፊት ፈታ አለ። ከመርዶው ወዲህ የገባው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነበር። «እህ! እንዲያ ከሆነስ ደግ ሥራ ነው» አለ።

ማንጠግቦሽ ግን ዓይኗን ከትንሿ ምስል አላነሣችም። «ልጆቼ» አለች በቀስታ፣ «መጀመሪያ ልጄን አውጡልኝ። የቀረውን ኋላ ትሠሩታላችሁ።»

እንድሪስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቁልፉ ላይ ያንጠለጠላት ፍላሽ እዚያው ነበረች፤ ምስሉን ወደሷ መገልበጥ የአፍታ ሥራ ነበር። ግን ደግሞ ምስሏን አያት። የኮቱ ኮሌታ በአንድ ወገን ተጣጥፏል። የልጁም ፊት ጥላ አርፎበታል። እንድሪስ ስንቱን ሙሽራ አቅንቶና አብርቶ የሸኘ ሰው ነው፤ የዚህን ልጅ ፎቶ እንዲህ እንዳለ ሰው ፊት ማቆም ነውር መሰለው። ያንን ማቃናት የሚቻለው ደግሞ እንቢ ባለው ፕሮግራም ነው። እጁን ከኪሱ መለሰው።

«እንዲህ ተጣጥፎማ እሑድ ሰው ፊት አይቆምም እትዬ። አብሽሪ፤ ይኼ ይዳንና አሳምሬ አወጣልሻለሁ።»

እሷም ተቀመጠች። ምን ታድርግ? የማያውቁትን ቤት ባለቤቱ ነው የሚያዝበት።

ፍተሻው ሄደ፣ ሄደና ቆመ። የተበላሹ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ ከፊሎቹን መጠገን አልተቻለም አለ። ናኦድ ከንፈሩን ነከሰ።

«የሚተካበት መጠባበቂያውም ራሱ ተበላሽቷል።»

«ክምሩም በስብሷል በለኛ» አለ አያ ካሳው።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ከሌላ ክምር ነዋ!»

«አለኝ፤ ንጹሑን ይዤዋለሁ» ብሎ ከሻንጣው የራሱን ፍላሽ አወጣ።

ውጪ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። «ይሂድ፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ» አለ ናኦድ፤ ሚኒባሱም ጥሎት ሄደ። አያችሁ፣ የዚያን ቀን እዚያ ሱቅ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ልቤን የሚያመኝም ይኼው ነው።

ንጹሑን ሰካ፣ መጠባበቂያውን አሳደሰ፣ ፍተሻውን እንደገና አስነሣ። ኮምፒውተሩ እንደገና በጥፍሩ መምታት ጀመረ። ቀስ እያለ ነበር፤ ቆይቶ ግን ፈጠነ።

«ምንድን ነው የሚያንኳኳው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ዲስኩ ነው እማማ፤ ፎቶው ሁሉ የሚቀመጥበት። እየሠራ ነው።»

«በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው» አለች።

ማንኳኳቱ ከረረ፣ ከዚያ ጭር አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ናኦድ አጥፍቶ አበራው። ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። ደግሞ አጠፋ፤ ደግሞ አበራ። ያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ፊቱ አመድ ሆነ።

«ጋሼ…» አለ ማንጠግቦሽን ሳያይ። «የታመመው ዲስኩ ነበር። ፋይሎቹን ያበላሻቸውም የሱ መሞት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ አቅሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነበብኩት።»

ዲስኩን ፈትቶ በሚቀጥለው ሚኒባስ ደሴ ይዞት ወረደ። ለሚያውቁ ሰዎች ሁሉ አሳየ። ቅዳሜ ደወለ። እንድሪስ ስልኩን አንሥቶ ሰማ፤ የዲስኩ ውስጥ ተፋፍቋል፣ ምንም አይወጣም። ናኦድ በስልኩ ውስጥ ያለቅስ ነበር፤ እንድሪስ ጎልማሳ ነውና «አብሽር ወንድሜ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለው።

ስልኩን ዘግቶ መዳፉ ላይ እንዳለች አያት። ጀርባዋ ላይ የካሜራዋ ዓይን አለ። ሐሙስ ረፋድ፣ አራጋው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ይህቺ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነበረች። አንድ ጊዜ ወደ ስክሪኑ አዙሮ ቢያነሣው ደብዘዝ ያለም ቢሆን ፊት ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ ያችን አንዷን አላነሣም። እዚያው የሙሽሮቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሣ።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። የገጠሩ ዘመድ ወገቡን ታጥቆ፣ እየጮኸ ገባ፤ ገብቶም ወዲያና ወዲህ ያያል። ዓይኑን የሚጥልበት የለውም። አልቃሿ ግጥም ጀምራ፣ ወደ ማን ዞራ እንደምትለው ጠፍቷት አቋረጠች። የእድሩ ዳኛ፣ እንድሪስ ሲገባ አይተው፣ «መጣልን! ፎቶውን አቅርበው እንጂ» አሉት።

እንድሪስ ፎቶ አልያዘም። ክንዱ ላይ ያንን ጥቁር ኮት አጥፎ ይዟል። ወደ ማንጠግቦሽ ዘረጋው። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ኮቱን አወቀው፤ ሁሉም በየተራው ለብሶታል።

ማንጠግቦሽ ተቀበለችው። ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ቀብራ አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው። የከተማው ወንድ ሁሉ ላብ አለበት፤ የልጇን ለይታ አላገኘችውም። ቀና ብላ ለወንድሟ ሰጠችው። አያ ካሳው ኮቱን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ አገሩም ወደዚያ ባዶ ኮት ዞሮ አለቀሰ። ከዚያን ቀን በኋላ ያንን ኮት የለበሰ ሰው የለም።

ልቅሶው ጋብ ሲል እንድሪስ አያ ካሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ይዳን ብዬ ነው አያ» አለ። «ኮሌታው እንዲቃና፣ ፊቱ እንዲበራ ብዬ እኮ ነው። ሰው ፊት እንዳያንስ ብዬ…»

«አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው፣ እጁን ይዞ። «ያጠፋኸው ብቻህን አይደለም። እኔም ክዳን ሲባል ጊዜ ልቤ ከሥራዬ ጋር ሄደና ከሌላ ክምር አምጣ አልኩ። እሷ ነግራን ነበር፤ እኛ አልሰማናትም።»

ከዚያ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ኮት እያየ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ቤት ሲነድ ሰው ይውጣ፣ ክዳኑ ኋላ ይምጣ» አለ።