የአያ ሙሄ ምራቅ

ያኔ ነው፤ ዶሮ ከዶቅዶቄ መሸሽን ገና ባልተማረችበት ዘመን። ዋሪት የምትባል ከተማ ነበረች። አሁንም አለች፤ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ጉብ ብላለች። ከዋሪት ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ አስራ ሰባት ዙር አለው። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን ገደል። እናንተ ዛሬ ወርዳችሁ ፎቶ የምትነሱበት ማለቴ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ቆሞ መሳቅ ያማረው ሰው አልነበረም።

ከከተማዋ መውጫ፣ ከሾላው ሥር፣ አያ ሙሄ የሚባል ጎሚስታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ጎማ ይለጥፋል፣ ጎማ ይነፋል፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። የወግ ሰውም አልነበረም። ሰላም ስትለው እንኳ ዓይኑ ጎማህ ላይ ነው። የሚያፌዙበት ሰዎች ሱሪው በሁለቱም ጉልበቱ ላይ በካላማዳሪ፣ በጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ የተጣፈ ነው ይሉ ነበር። ውሸት ነው፤ በአንደኛው ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ለዋሪት አምስት አዳዲስ ዶቅዶቄ መጣ። ለእንስሳት ሐኪሙ፣ ለአዋላጇ፣ ለግብርና ሰዎች። ከፊት ጎማቸው ጎን እንደ ሰፌድ የሰፋ የፍሬን ብረት አለ። ቫልቮላዋ፣ ያቺ አየር የሚገባባት የጎማ እምብርት፣ ከብረቱ ጀርባ ቀጥ ብላ ቆማለች። የፖምፓው አፍ አይደርስባትም። አያ ሙሄ እጁን አጣመመ፣ ጣቱን ላጠ፣ ግማሽ ያህል አየር አስገባ። ለእንስሳት ሐኪሙ ለወንድይፍራው፣ «እስከ ቆላ ያደርስሃል» አለው። አላደረሰውም። ዘጠነኛው ዙር ላይ የፊት ጎማው ሟሸሸ፣ ዶቅዶቄው አመለጠው፣ ወንድይፍራው ገደል ገባ።

በዋሪት አያ ሙሄን የወቀሰው ማንም የለም። ቀኑ ደርሶ ነው አሉ። እሱ ግን ከቀብር ተመልሶ ሾላው ሥር ተቀመጠና፣ ከእንግዲህ ከእጄ የወጣ ጎማ ሰው አይገድልም አለ። ይኸው ነው ቃሉ። ዕድሜውን በሙሉ የታገለው ይህችን ቃል ለመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ መላ ፈለገ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ አንገቷ ወደ ጎን የታጠፈ የናስ ቫልቮላ አየ። ይቺማ ለፖምፓ አፏን ትሰጣለች ብሎ ፈታት። በዶቅዶቄው ቸርኬ ቀዳዳ ከነጎማ ቀለበቷ ሰካት፣ ተዙራ በምትጠብቀው ብሎን፣ በዳዶ፣ አሰራት። አየሩ ያለ ትግል ገባ። ደስ አለው። ነገር ግን ወንድይፍራውን አልረሳውምና ሰው ከማስቀመጡ በፊት ዶቅዶቄውን በእጁ ገፋ። ጎማው ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጎባጣዋ አፏን ወደ ፍሬኑ አዙራለች። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ፍሬኑ አንገቷን ይበጥሳት ነበር። ፈታት፣ ወደ ሌላው ጎን አዞራት፣ እንደገና ገፋ። ዝም አለች። ዳዶዋንም ሲያስር ጉልበተኞች እንደሚያደርጉት እስክትጮህ አላሰራትም፤ ብዙ ከጠበቀች ቀለበቷ ትጨፈለቃለች፣ ከላላች አየር ታፈሳለች። የቀሩትን አራቱንም እንዲህ አደረገ። ዓመት ሙሉ ሰው አልወደቀም።

ቀጥሎ የቆላው ሙቀት መጣበት። ሙቀቱ የጎማ ቀለበቷን ያደርቃታል፣ የደረቀች ቀለበት ትሰነጠቃለች፣ በስንጥቋ አየር ይወጣል። የሚወጣውም ቀስ ብሎ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ካላማዳሪ እየቀደደ አዳዲስ ቀለበት ቆረጠ። የጉልበቱ መጣፊያም ያኔ ነው ለቀለበት የሄደችው። ቢሆንም ቀለበቷ መቼ እንደምትደርቅ በምን ይወቅ? ውኃ በዋሪት በአህያ ነው የሚመጣው፤ ለጎማ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ጣቱን በምራቁ ያርስና አንዴ የቫልቮላዋን አፍ፣ አንዴ ሥሯን ይነካል። ቁጢጥ ብሎ ያያል። አረፋ ከተነፋ ታፈሳለች፣ ካልተነፋ ደህና ናት። ቆቧን ይደፋላትና፣ «ሂድ» ይላል።

ሰው ግን ምን አየ? ምራቁን አየ። በእኛ አገር ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ይመርቅ የለም? ሰዉ አያ ሙሄ ጎማውን የሚመርቅ መሰለው። ወሬው ቆላና ደጋውን አዳረሰ፤ የሙሄ ምራቅ የነካው ጎማ ገደል አይገባም ተባለ። ጎማው ደህና የሆነ ሁሉ እየመጣ፣ «እንትፍ በልልኝ» ይለው ጀመር። አንዱማ የማትወልድ ፍየል ይዞበት መጣ። አያ ሙሄ ተናደደ።

«ምራቅማ ፍየሏም አላት» አለው።

ሳቁበትና ተሰልፈው ጠበቁት። እሱም ምን ያድርግ፣ እየተሳደበ የእያንዳንዱን ጎማ ያያል።

ዓመታት ሄዱ። የአያ ሙሄን ዓይን ሞራ ጋረደው። አልደበቀም፤ እሱ መደበቅ አያውቅም። «ዓይኔ ደክሟል፤ አረፋዋን በደንብ አላያትም» አላቸው። «ምራቅህ ይበቃናል አያ» አሉት። ይህን ሲሉት ሆዱ ይባባል፣ ያፍራልም። ግን ሰው እየለመነ እንዴት እምቢ ይበል? ነካ ያደርጋል፣ ጎንበስ ይላል፣ «ሂድ» ይላል።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ዘምዘም መጣች። አዋላጇ ናት። ቆላ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ሁለት ቀን ሆኗታል። ከዶቅዶቄዋ አልወረደችም። አያ ሙሄ ጣቱን አርሶ ቫልቮላዋን ነካ፣ ጎንበስ አለ፣ ቆቧን ደፋ፣ «ሂጂ» አላት። ሄደች።

ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ፖምፓውን ሲያነሳ ራሱን ጠየቀ። አየሁ ወይስ አላየሁም? አላየም። ለወንድይፍራው «ያደርስሃል» ያለባት ቀን መጣችበት።

ፖምፓውን በትከሻው አንግቶ በፍየል መንገዱ ወረደ። የፍየሉ መንገድ ዙሮቹን በቀጥታ ይቆርጣል። የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በቂጡ፣ አንዴ በእንብርክኩ ወረደ። ወደ ገበያ የሚወጡ ግመሎች አራተኛው ዙር ላይ መንገዱን ዘግተውባት ስለነበር ቀደማት። ስምንተኛው ዙር ላይ እጁን ዘርግቶ መሀል መንገድ ቆመ።

ዘምዘም ፍሬን ያዘች። «አያ፣ ምን ሆነሃል? ሴትዮዋ ትሞትብኛለች።»

«አውቃለሁ። ውረጂና ጣትሽን አርሰሽ ቫልቮላዋን ንኪ።»

«አንተ ነክተህልኝ የለም እንዴ?»

«ነካሁ እንጂ አላየሁም። ዓይኔ ጠፍቷል፣ ልጄ። አንቺ እዪ።»

ወረደች። ጣቷን አርሳ የጎባጣዋን ሥር ነካች፣ ቁጢጥ ብላ አየች። አረፋው ተንፈቀፈቀ። ጎማውን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ሰመጠ። ቀና ስትል ዘጠነኛው ዙር ፊቷ ነው።

ዳዶዋ ላልታለች። ለማሰር የአያ ሙሄ ጣት ዓይን አላስፈለገውም። እሱ ያስራል፣ እሷ ታያለች። «አሁንም አለ» ትላለች። ትንሽ ያዞራል። «ቀንሷል» ትላለች። ትንሽ ያዞራል። «ቆመ።» እጁን አነሳ፤ ከዚያ በላይ አላጠበቀም። ነፉት። ቆቧን ሳይደፋ ጠበቃት።

«አየሁ፣ አያ» አለችው።

«ሂጂ» አላት። ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያ ሙሄ የማንንም ጎማ በምራቁ አልነካም። ሾላው ሥር ተቀምጦ እግሩን ወደ መንገዱ ይዘረጋል። ቆላ የሚወርድ ሁሉ ራሱ ጣቱን ያርሳል፣ ራሱ ቁጢጥ ይላል፣ ራሱ ያያል። «አየሁ፣ አያ» ካላለው እግሩን አይሰበስብለትም። የቀበሌ ሊቀመንበር ቢሆንም አይሰበስብለትም። እንዲህ ሲል ኖሮ ሞተ። እስኪሞት ድረስም ከእጁ የወጣ ጎማ ሌላ ሰው አልገደለም።

በዋሪት ዛሬ ሰው ነገሩን ሳያጣራ የሌላውን ምርቃት ተማምኖ ሲነሳ፣ «ምራቁ የሙሄ፣ ዓይኑ የራስህ» ይሉታል። ቤት ለሚከራይም፣ ሚስት ለሚያገባም ይሉታል። ባለዶቅዶቄዎቹም እስከ ዛሬ ሾላው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጣታቸውን ያርሳሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ፣ ከዚያ ባዶውን ድንጋይ፣ «አየሁ፣ አያ» ብለውት ይወርዳሉ። ከመካከላቸው የሙሄን መልክ የሚያውቅ አንድም የለም። ጎማቸውን ግን አይተዋል።