የአያ ጅቦ ጭስና የእመት አህዪት ጀርባ

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ሥራ ወዳድ ሆነው አንድ ሸለቆ ውስጥ መንደር መሥርተው ይኖሩ ነበር። እመት ጦጢት ሸክላ ትሠራለች። አያ ጃርት ብረት ይቀጠቅጣል። አያ ጅቦ ደግሞ፣ ሌላ ምን ይሠራል ብላችሁ ነው፣ የአጥንት መረቅ እየቀቀለ ለመንደሩ ያከፋፍላል። ለሦስቱም ከጫካ እንጨት እያመላለሰች የምታቀርበው እመት አህዪት ነበረች።

ንጉሡ አያ አንበሶ የሚገዛው ከሸለቆው በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮረብታው ነፋሻ ነው፣ ድንጋዩም ለጀርባ ይመቻል፤ ስለዚህ ወደ መንደሩ መውረድ አይወድም። የሕዝቡን ኑሮ የሚያውቀው በጭስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማሰሮው ሲበዛ ጭሱ በዛ። ማረሻው ሲበዛ ጭሱ በዛ። መረቁ ሲበዛም ጭሱ በዛ። አያ አንበሶ ጺሙን እየላሰ፣ «ገባኝ! ጭስ ማለት ዕድገት ማለት ነው!» አለ።

አማካሪው ቀበሮም፣ «ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት ያመጡታል?» ብሎ አጨበጨበ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። እመት ጦጢት ሸክላዋን ሜዳ ላይ ከምራ ማቃጠል ሰለቻት። ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ አጥራ ትንሽ አፍ ያለው ምድጃ ሠራች። እሳቱ እንደ ድሮው ሜዳ ለሜዳ መንከራተቱ ቀርቶ ሙቀቱን ሁሉ ለሸክላው ሰጠ።

«እመት አህዪት» አለች ጦጢት፣ «ከእንግዲህ አሥራ ሁለት ሸክም አታምጪልኝ። ስድስት ይበቃኛል።»

አህዪት ጆሮዋን ማመን አቅቷት አንዱን ጆሮ አራገፈችና፣ «እስቲ በዚህኛው ድገሚልኝ» አለች።

«ስድስት!»

ሌላውንም አራገፈች። «በዚህኛውስ?»

«ስድስት አልኩሽ እኮ!» አለች ጦጢት። ሁለቱም በሳቅ ወደቁ።

አያ ጅቦ ዘንድ ሳቅ አልነበረም። ጅቦ ድስቱን አይከድንም። «ከከደንኩት ሥጋውን በምን ላየው ነው?» ይላል። እንፋሎቱ ይሄዳል፤ ውኃው ያልቃል። ውኃ ይጨምራል፤ እሳቱ ይደክማል። እንጨት ይጨምራል። መሀል ላይ «ጨው በቅቶት ይሆን?» ብሎ አንድ ሳህን ሙሉ ይቀምሳል። ጨው መብቃቱን ለማረጋገጥም ሁለተኛ ሳህን ይደግማል።

አንድ ቀን ቀበሮ መጣና በጆሮው አንሾካሾከ። «አያ ጅቦ፣ ንጉሡ ጭስ ይወዳል። እርጥብ ቅጠል ጨምርበት። እኔ ላይ ሆኜ አሞግስሃለሁ፤ አንተ ደግሞ በየቀኑ አንድ ቅልጥም ትሰጠኛለህ።»

«ቅልጥም?» አለ ጅቦ ልቡ ተሰብሮ።

«ሹመት ታገኛለህ።»

«ሹመት ይበላል?»

«ያስበላል!» አለ ቀበሮ። ጅቦ ወዲያው ቅጠል ሊለቅም ሮጠ።

በማግስቱ አያ አንበሶ ከኮረብታው ቁልቁል ተመለከተ። «የጦጢት ጭስ ምን ነካው? ክር አከለ እኮ!»

«ሰንፋ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ ቅልጥሙን ከጥርሱ ውስጥ በጥፍሩ እየጎረጎረ። «ይልቅ ጅቦን ይመልከቱልኝ! ሰማዩን አጠቆረው!»

አያ አንበሶ በደስታ ጅራቱን አወናጨፈና አዋጅ አስነገረ። ብዙ ለሚያጨስ ብዙ እንጨት ይሰጥ። ለጦጢት አንድ ሸክም ብቻ ይበቃታል። አያ ጅቦ የዕድገት አለቃ ተብሎ ተሹሟል። በአቅራቢያው ያለው ቁጥቋጦ ስላለቀም፣ ከሰኞ ጀምሮ መንደሩ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ዙሪያ ያለው የወይራ ጫካ ለአያ ጅቦ ይቆረጥ።

መከራው የወረደው በአህዪት ላይ ነው። ለጅቦ ብቻ በቀን ሃያ ሸክም ታመላልስ ጀመር። ጀርባዋ ተላጠ። እሑድ ረፋድ ላይ አንዱን ሸክም አራግፋ ቀና ስትል፣ ጥንቸሎችና ሚዳቋዎች ጦጢት የሠራችላቸውን ቆንጆ ቆንጆ ማሰሮ ታቅፈው ተሰልፈዋል። ማሰሮው ግን ባዶ ነው።

«አያ ጅቦ» አለች አህዪት፣ «ትናንት ሃያ ሸክም አመጣሁልህ። ስንት ሳህን መረቅ ወጣው?»

«ሳህን ማን ይቆጥራል?» አለ ጅቦ እያሳለ። «ጭሱን አታይም?»

«ጥንቸል ጭስ አትጠጣም።»

«ሞክራ ታውቃለች?»

አህዪት ፊቷን አዞረች። ወደ ምንጩ ወርዳ ውኃ ጠጣች። ወይራዎቹ ከላይዋ ጥላ ጥለዋል። እነሱ ነገ ከተቆረጡ ምንጩ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ እንጨት ፍለጋ ሁለት ተራራ መሻገር አለ። ጀርባዋ ያንን እንደማይችል ታውቃለች። በዕድሜዋ አንድም ቀን ለራሷ ጉዳይ ኮረብታውን ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ወጣች።

ግማሽ መንገድ ላይ አንበሳ አህያ እንደሚበላ ትዝ አላት። ቆመች። እግሮቿ ወደ ታች ሊመለሱ ፈለጉ፤ የተላጠው ጀርባዋ ደግሞ እምቢ አለ። ጀርባዋን ሰማችው።

አያ አንበሶ ሲያያት ዓይኑ በራ። «ዛሬስ ምሳዬ በእግሩ መጣ!»

«ጌታዬ» አለች አህዪት በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ «ቢበሉኝ ነገ እንጨት የሚያመላልስ የለም። እንጨት ከሌለ ጭስ የለም።»

አያ አንበሶ አፉን ገጠመ። «እሱስ እውነት ነው። ተናገሪ።»

«እርስዎ ጭሱን ያያሉ፤ ሸክሙን የማውቀው እኔ ነኝ። ጦጢት አምና በአሥራ ሁለት ሸክም ሠላሳ ማሰሮ ሠራች። ዘንድሮ አዋጁ ሳይወጣ በፊት በስድስት ሸክም ስድሳ ሠርታ ነበር። ጅቦ አምና በአምስት ሸክም መንደሩን ያጠግብ ነበር። ዘንድሮ በሃያ ሸክም አሥር ሳህን አይሞላም። ካላመኑኝ ይውረዱና ይዩ። ከዋሸሁ ያን ጊዜ ይብሉኝ።»

«ምሳዬን ይዤ ብሄድ ምን ይጎዳኛል?» አለ አያ አንበሶና ተነሣ።

መንደሩ ሲደርሱ ምንም አይታይም። አያ አንበሶ ጭሱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። መጀመሪያ ከግንድ ጋር ተጋጨ። ቀጥሎ ጥንቸል ረገጠና «ይቅርታ» አለ፤ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ጉማጅ እንጨት አደናቀፈው። በመጨረሻ የመረቅ ሽታ መራውና አፍንጫውን ወደ ድስቱ አስጠጋ።

«አንተ ሌባ ቀበሮ!» ብሎ ጮኸ ጅቦ ከጭሱ ውስጥ። «የዛሬውን ቅልጥም ወስደህ የለም እንዴ? ምን ልታደርግ ተመለስክ?» በጭልፋውም አፍንጫውን ጧ! አደረገው።

የተመታው አፍንጫ መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ከዚያ ተነፋ፤ ከዚያ አያ አንበሶ አነጠሰ። እንዲያ ያለ ማስነጠስ ሰምታችሁ አታውቁም። ጭሱ በሙሉ ተጠርጎ ከሸለቆው ወጣ!

ሁሉም ነገር ተገለጠ። ጅቦ ጭልፋውን እንዳነሣ ደርቋል። ቀበሮ ከድስቱ ወዲያ በኩል ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ቅልጥም በአፉ ይዟል። ባዶ ማሰሮ የታቀፉት ተሰልፈው አፋቸውን ከፍተዋል።

«እስቲ ዕድገቱን አሳየኝ» አለ አያ አንበሶ ቀስ ብሎ።

ጅቦ ድስቱን ዘቀዘቀ። አንድ አጥንትና ሁለት ጭልፋ ጥቁር መረቅ ወጣ።

«ቅጠሉን ጨምር ያለኝ እሱ ነው!» አለና ወደ ቀበሮ ጠቆመ።

«ም... ምም...» አለ ቀበሮ። ቅልጥሙን እንዳይተፋው ያሳሳዋል፤ ይዞት ደግሞ መናገር አልቻለም።

አያ አንበሶ አንዲት ትንሽ ጥንቸል የያዘችውን ማሰሮ ተመለከተ። ወደ ውስጡ አየ። የራሱን ፊት ሊያይበት እንኳ ጠብታ የለበትም። አንገቱን ደፋ። «ዓመቱን ሙሉ የተደሰትኩት ለካ በእናንተ ረሃብ ነው» አለ። የጅቦን ሹመት ሻረ። ወይራዎቹን ማንም እንዳይነካ አዘዘ። ቀበሮንም ለሦስት ወር ከአህዪት ጋር እንጨት እንዲሸከም ፈረደበት።

ንጉሥ ግን አንድ ነገር ሲገባው ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ወደ ጃርት ዞሮ፣ «አንተም! እንደ ጦጢት በስድስት ሸክም ካልሠራህ ወዮልህ!» ብሎ ጮኸ። የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ።

«አይሆንም፣ ጌታዬ» አለች አህዪት፤ አሁን ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «ብረት ከሸክላ የበለጠ እሳት ይፈልጋል። ጃርትን ከጦጢት ጋር አያወዳድሩት፤ ከራሱ የአምና ሥራ ጋር ያወዳድሩት። አምና በአሥር ሸክም አሥር ማረሻ ሠራ። ዘንድሮ የተቀደደ ወናፉን ጠግኖ በዚያው በአሥሩ አሥራ አምስት ሠርቷል።»

«እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው» አለ አያ አንበሶ።

ጦጢት በዚያው ቀን ለጅቦ ድስት የሸክላ ክዳን ለመሥራት ጭቃ አቦካች። ጅቦ ከአጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ። «ሥጋዬ ጨለማ ውስጥ ሊቀር ነው!»

አሳዘናትና ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳችለት። ክዳኑ ደርቆና ተተኩሶ ድስቱ ላይ በተጫነ ዕለት ጅቦ ወዲያው አንድ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጠፈ። እንፋሎቱ ተቀበለው።

«ዋይ! ዓይኔን!» ብሎ መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሦስተኛውን ሲጀምር ግን ከቀዳዳው የሚወጣው ሽታ አፍንጫውን ያዘው። ቆመ። «ኧረ እናንተዬ፣ በአፍንጫም ይታያል!» አለ።

ያን ዕለት አራት ሸክም እንጨት ተቃጠለ፤ መንደሩ ሁሉ ጠገበ፤ ለጅቦም ሦስት ጊዜ የሚቀምሰው ተረፈው። አያ አንበሶም ከኮረብታው ወርዶ በየሳምንቱ፣ «ስንት ሸክም ገባ? ምን ወጣው?» እያለ አህዪትን ይጠይቃት ጀመር። የአህዪት ቁስል ዳነ። ከሰዓት በኋላ ወይራዎቹ ሥር ተጋድማ ታርፋለች፤ ቀበሮ በአጠገቧ ጭራሮ ተሸክሞ እያለከለከ ያልፋል።

ከዚህ የምንማረው፣ የሥራ ዕድገት የሚለካው ባቃጠልነው እንጨት ብዛት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሸክም ባገኘነው ፍሬ መሆኑን ነው።