ወንዝ ያመጣው ልጅ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በግንቦት ልደታ ማግሥት ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪዬ ምንተስኖት እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሕፃን ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«ከእናቱ ሆድ ነዋ!» አልኩት። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ዝርዝር እንኳ አልነገርኩትም።

ጧት ሲነጋ አባቱ፣ የወረዳችን አስተዳዳሪ አቶ ሽብሩ፣ ጠባቂ አስከትለው መጡና ተማሪውን በሙሉ አሰለፉ።

«ይኼ ባለጌ ልጄን አበላሸብኝ!» አሉ። «እኛ ከወንዝ ዳር አገኘንህ ብለን በጨዋ ደንብ ነው ያሳደግነው። በል አሁን በልጆቹ ፊት፣ ‹ዋሽቻለሁ› በል። እምቢ ካልክ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው ለመኑኝ። እኔም ወደ ልጆቹ ዞርኩና፣ «ልጆች፣ ምንተስኖትን ወንዝ ነው ያመጣው» አልኩ።

አስተዳዳሪው ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ ክቡርነትዎ» አልኳቸው፣ «እኔን ለመክሰስ የመጡት የልጁ ምን ሆነው ነው? ወላጁ ነኝ ካሉ፣ ወልደውታል፤ እኔም አልዋሸሁም። የለም፣ ከወንዝ ዳር ነው ያገኘሁት ካሉ ደግሞ፣ ወድቆ የተገኘ ልጅ ለፖሊስ ይሰጣል እንጂ ተደብቆ አያድግም!»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠርቼ፣ «በወላጅ አቤቱታ ከሥራ ተሰናብተሃል» ተባልኩ።

በወላጅ! እንግዲያው ሰውዬው ወልደዋል ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ስጠይቅ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይመልስልኝም? እኔ የተባረርኩት ምን አጥፍቼ ነው?