የአውራ ጣት መሐላ

በእኛ ቀዬ ለእርቅ ሲለመን «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል፤ መነሻዋን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የሆነበት ቦታ ድረስ የሄደ ሰው ዛሬ የሚያየው ገደልና የድንጋይ ክምር ብቻ ነው።

ድሮ ከገደሉ አፋፍ ላይ አውራ ጣት የሚሉት ረጅም ዓለት ነበር። ማንም አልጠረበው፣ ማንም አላቆመው፤ ሲፈጠርም እንደዚያው ነው። መንገድ የጠፋው ገበያተኛ እሱን አይቶ ይመለስ ነበር።

በዚያ አገር ይመርና እንድሪስ የሚባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው ግቢ አብረው ይኖሩ ነበር። በሬ ያላቸው አንድ አንድ ነውና እያቀናጁ ያርሳሉ። አንድ ክረምት ይመር ሩቅ አገር ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ ታናሽየው እንድሪስ ዝናቡ እንዳያመልጠው ብሎ ሳያስፈቅድ ሁለቱንም ጠምዶ ተዳፋቱን ሊያርስ ወጣ። የይመር በሬ አዳልጦት እግሩ ተሰበረና ታረደ። ያ በሬ ይመር ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው ነበር። ሲመለስ ያገኘው ቆዳውን ብቻ ነው፣ አጥር ላይ ተወጥሮ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እንድሪስ ድንጋይ ተሸክሞ ከወንድሙ እግር ሥር ወደቀ።

«አያ፣ አጥፍቻለሁ። የኔን በሬ ውሰድና ማረኝ።»

ይመር ዞሮም አላየው። እጁን ወደ ገደሉ ቀስሮ፣ «ያ አውራ ጣት ቦታውን ሳይለቅ ይህን ሰው ወንድሜ ብዬ ብጠራ አላህ ይፍረድብኝ!» ብሎ ማለ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ሼህ ጡሃ ደነገጡ። «ተው ይመር! ድንጋይ ባይሰማ የሚሰማ ሌላ አለ» አሉት። አልተመለሰም።

እንድሪስ ሚስቱን ሞሚናን ይዞ ከግቢው ወጣ። ሰው ሳይፈልገው የቀረው መሬት ከዓለቱ ሥር ያለው ብቻ ነበርና እዚያው ጎጆ ቀለሰ።

ዓመታት አለፉ። የይመር ቁጣ ቀስ በቀስ በረደ፤ አፉ ግን እንደታሰረ ቀረ። አረፋ በመጣ ቁጥር እንድሪስ አማላጅ ይልካል፤ ይመር «ድንጋዩን እዩት» ብሎ ይመልሳል። ሼህ ጡሃ፣ «መሐላ ይፈታል። ድሃ አብላና ታረቅ» ቢሉት፣ «አገር የሰማውን ቃሌን እንዴት እበላለሁ?» አላቸው። ሰው በማያየው ጊዜ ግን ጠዋት ጠዋት ከደጁ ቆሞ፣ ተሰንጥቆ ይሆን እያለ ዓለቱን ይመረምር ነበር።

አንድ ክፉ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ማለዳ ምድር ተናወጠች። ይመር ወጥቶ ወደ ማዶ ቢያይ አውራ ጣት የለም። ከገደሉ በላይ የቀረው ሰማይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ዕድሜ ልኩን ራሱን ይቅር ያላለውም ለዚያች ደስታ ነው። ለእርቁ የሚታረድ ሙክት ከበረት ፈታ፣ ጋቢውን ደረበና ጭቃውን እየረገጠ ቁልቁል ወረደ። «ወንድሜ፣ ለቀቀልን እኮ!» የሚለውን ቃል በሆዱ እየደጋገመ ነበር። በመንገድ ላይ ዶማና አካፋ የያዙ ጎረቤቶቹ እየሮጡ ደረሱበት።

«ሰማችሁ? ወደቀ እኮ!» አላቸው።

አንዱ ሙክቱን አየ፣ ይመርን አየ፣ ዶማውን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። የእንድሪስ ጎጆ የት እንደተቀለሰ ይመርን ያኔ ነው ትዝ ያለው።

ሲደርስ ቤት ቤት የሚያካክል ድንጋይ ጎጆውንም ጓሮውንም ውጦታል። ሞሚና ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው የተረፈችው፤ እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆማለች።

«አያ ይመር» አለችው፣ «ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ጠጠር ይረግፍ ነበር። እንውጣ ብዬ ብለምነው፣ ‹ቆይ ልየው፤ ከለቀቀ አያ ይመጣል› አለኝ።»

የሙክቱ ገመድ ከይመር እጅ ወደቀ። ዶማም ሳይለምን በጥፍሩ ጭቃውን ይቧጥጥ ጀመር። ጎረቤቶቹ እስከ ማምሻ ቆፈሩ፤ ድንጋዩን ግን የሚያነቃንቀው ጉልበት አልተገኘም። አንድ ባንድ ዶማቸውን አስቀመጡ። ይመር ብቻ አልተወም።

ሼህ ጡሃ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀረቡና የደማ እጁን ያዙት።

«ሼህ ጡሃ፣ መሐላዬ ተፈታ አይደል?» አላቸው። «እንግዲህ ልጥራው። ወንድሜ ስለው ይሰማኝ ይሆናል።»

ሼሁ ወደ ድንጋዩ ክምር ዞሩና እንዲህ አሉት፦ «ይመር ልጄ፣ ዓለቱ ለቀቀ፣ ታራቂው አለቀ።»