ታንኳዋን አልሸከምም ያለው ድመት

ተረት ተረት ስላችሁ «የሐይቅ ዳር መሬት» በሉ። ጮክ በሉ እንጂ፣ ማዶ ያሉትም ይስሙ። እንዲያ ነው። አሁን ጠጋ በሉ። ወደ ውሃው አይደለም፣ ወደ እኔ።

ድሮ እንስሳ ሁሉ ይናገር ነበር። እንስሳ ብቻ አይደለም፣ ዕቃውም ይናገር ነበር። ያኔ በጣና ዳር አያ ውሮ የሚባል ድመት ይኖር ነበር። ጢሙ ረጅም ነው፣ ወሬው ደግሞ ከጢሙ ይረዝማል። ሚስቱ እመት ድሚት ትባላለች። ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች ነበሯት። እሷ ከነሱ ራቅ ካለች ይጮኻሉ፣ ከተጠጋቻቸው ይጠባሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም።

አንድ ዓመት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጎተራውን በጭቃ ጥርቅም አድርጎ መረገ። እህል የጠፋበት አይጥ ጓዙን ይዞ ሄደ። አይጥ ሲሄድ ድሚት የምትበላው አጣች። የምትበላው ስታጣ ወተቷ ቀነሰ። ወተቷ ሲቀንስ ልጆቿ ቀንም አለቀሱ፣ ሌሊትም አለቀሱ።

«የልጆቼ አባት» አለች ድሚት፣ «ሐይቁ ሙሉ ዓሣ ነው። ታንኳ እንሥራ።»

«እኔስ ይኼንኑ ልልሽ አልነበር?» አለ ውሮ። አልነበረም።

ድሚት ልጆቿን ስታስተኛ እየወጣች፣ ደንገሉን፣ ያን የውሃ ዳር ረጅም ሣር፣ በጥርሷ ቆረጠች። ፀሐይ ላይ አሰጣች። ሲደርቅ አንድ ላይ ጠቅልላ በልጥ ጠፍራ አሰረች። ውሮም አልቦዘነም። ጫፉን ይዞ ቆሞ አወራ። ሲያልቅ አንድ ቀጭን ታንኳና አንድ ረጅም የቀርከሃ መቅዘፊያ ሆነ። ደንገሉ ግን አለቀ። ያችን ታንኳ ከሠሩ በኋላ በዳሩ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ሌላ ታንኳ አይታሰብም።

«አደራህን» አለች ድሚት። «ይቺ ከጠፋች ልጆቼ ክረምትን አያዩትም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» አለ ውሮ። «ዓሣ እንደሆነ በልቼ አውቃለሁ። ዓሣ የሚበላ ውሃ ያቅተዋል?»

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወረደ። ታንኳዋ ላይ ወጣ፣ ጢሙን አስተካከለና ቁጭ አለ።

«ሂጂ!» አላት።

ታንኳዋ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«ሂጂ እንጂ! አትሰሚም?»

«አያ ውሮ» አለች ታንኳዋ፣ «ያለሁት እኮ ሣር ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ውሃው ግፋኝ።»

በጭቃው ውስጥ የነበሩ እንቁራሪቶች ይኼን ሰሙ። «ቋ! ቋ! ቋ!» ብለው ሳቁ።

ውሮ ተናዶ ወረደና በሙሉ ኃይሉ ገፋት። ታንኳዋ ሸርተት ብላ ገባች። ገብታም አልቆመችም። እሷ ሄደች፣ እሱ ዳር ቀረ።

«እኔን! እኔን ረስተሻል!»

«እየገፋህ አብረኸኝ ትገባለህ እንጂ!» አለች ታንኳዋ። «በል ሳልርቅ ና። ስትወጣ ግን አትቁም። ቁጭ በል። እኔ ሣር ነኝ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምብኝን አልወድም።»

«አባወራ ቆሞ ነው የሚሄድ» አለ ውሮ። ዘለለ። ቆመም። ታንኳዋ ወደ ግራ አለች፣ ውሮ ወደ ቀኝ አለ፣ ቡጭ!

የሰፈሩ ውሻ በዚያ ሲያልፍ ውሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ከውሃው ሲወጣ አየው።

«ምን ሆንክ አያ ውሮ?»

«ምን እሆናለሁ? እየታጠብኩ ነው» አለ ውሮ። ይኼን ብሎም እግሩን ይልስ ጀመር።

«ቋ! ቋ! ቋ!» አሉ እንቁራሪቶቹ።

ያን ለት ዓሣ አልተገኘም። አመሻሽ ላይ ድሚት ወርዳ ታንኳዋን ከውሃ አወጣች። ብዙ ስላልራሰች ቀላል ነበረች። በጀርባዋ አዝላ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ወሰደችና ግንዱን አስደግፋ ቀጥ አድርጋ አቆመቻት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ከታንኳዋ ወረደ።

«ተባረኪ» አለች ታንኳዋ። «እኔ ቀን ተኝቼ እሠራለሁ፣ ማታ ቆሜ አርፋለሁ። ውሃ ውስጥ ካደርኩ ግን ውሃውን እጠጣለሁ። ከጠጣሁ ደግሞ እንኳን ሌላ ልሸከም ራሴንም አልችል።»

«ታንኳ የሚሸከም ሰው!» አለ ውሮ ከሩቅ ተጋድሞ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በሁለተኛው ቀን ቁጭ ማለትን ተማረ። ቁጭ ብሎ መቅዘፊያውን አነሳ።

«አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ» አለው መቅዘፊያው። «ሁለት ጫፍ ያለኝ ለዚህ ነው።»

«እኔ ቀኝ ነው የሚቀናኝ» አለ ውሮ። በቀኝ ቀዘፈ። አሁንም በቀኝ ቀዘፈ። ታንኳዋ ዞረች። እንደገና ዞረች። የሾላው ዛፍ በፊቱ አለፈ፣ ተራራው አለፈ፣ ውሻው አለፈ፣ ሾላው ተመልሶ መጣ።

«ኧረ ወዴት ነው አያ ውሮ?» አለ ውሻው ከዳር።

«ዓሦቹን እያዞርኳቸው ነው! ሲያዞራቸው ራሳቸው ይወጣሉ!»

የዞረበትስ እሱ ነው። ጠዋት የላሰውን ጠብታ ወተት ሳይቀር ሐይቁ ውስጥ አስታወከ። ዓሦቹ መጥተው እሱን በሉለት። ዓሣ ሊበላ ሄዶ ዓሣ አብልቶ ተመለሰ።

ያን ለትም ድሚት ታንኳዋን አዝላ አቆመቻት። ስታዝላት ግን መንገድ ላይ ሁለቴ አረፈች። ቤት ስትመለስ ትንሿ ልጇ ማልቀስ ትታ ነበር። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ድሚት አፍንጫዋን ወደ ልጇ አፍንጫ አስጠግታ ትንፋሿን ስታዳምጥ አደረች።

«ነገ ባዶ እጅህን አትምጣ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ውሮ እንደ ምንም በቀኝም በግራም ቀዘፈ። ድሚት በልጥ የሠራችለትን መረብ ጣለ። ሲስበው ከበደው። ሲያወጣው፣ ወይ ጉድ! የሰባ ቀረሶ ዓሣ ተንጠልጥሏል! እሱን የመሰለ ሌላ ቀረሶም ከጎኑ ይንፈራገጣል! ውሮ ሊነሳ አለና ያለፈው ትዝ ሲለው ተመልሶ ቁጭ አለ። ይኼን ያህልስ ተምሯል፣ እውነቱን እንናገር።

ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ላይ ዋለ። ዓሣውን ይዞ ሲገባ ድሚት በላች፣ ወተቷ ተመለሰ፣ ትንሿም ልጇ ጡት ይዛ ትጠባ ጀመር። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። የጠገበ ልጅ ዝምታ እንዴት እንደሚጣፍጥ የምታውቅ ታውቀዋለች።

ውሮስ? ውሮ ጢሙን እየጠመዘዘ ሰፈር ለሰፈር ሄደ። «ሐይቅ ማለት እኔ ነኝ! ነገ ማለዳ ዳር ወርዳችሁ ጠብቁ፣ ለሁላችሁም ዓሣ አድላለሁ» አለ። ውሻውን ለብቻው ጠራና «አንተ ደግሞ ከፊት ቁም፣ እንዳያመልጥህ» አለው።

አመሻሽ ላይ ዞሮ ሲመለስ ታንኳዋ ከውሃው ተጣራች።

«አያ ውሮ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜህ ውያለሁ። ርሻለሁ፣ ከብጃለሁ። በል አውጥተህ አቁመኝ።»

«ማን? እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«አንቺ ልትሸከሚኝ ነው የሠራሁሽ ወይስ እኔ ልሸከምሽ? እኔ ተሸካሚዬን አልሸከምም! ውሻው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

ድሚት ሰማችና ወጣች። «ኧረ ባክህ አንተ ሰውዬ! አንድ ጫፍ ብቻ ያዝልኝ። ታንኳዋ ስትሠራ ይዘህ እንደቆምከው ያዝልኝ፣ እያወራህም ቢሆን።»

«ታንኳ ውሃ ፈራ ሲባል ዛሬ ሰማሁ» አለ ውሮ። «ዓሣ ውሃ ውስጥ ያድር የለም? ምን ሆነ?» ይኼን ብሎ ወደ ውስጥ ገባና ተጠቅልሎ ተኛ።

ድሚት ብቻዋን ሳበች። በጥርሷ ሳበች፣ በጥፍሯ ሳበች፣ ጀርባዋን አስገብታ ገፋች። ታንኳዋ ቀኑን ሙሉ ስለራሰች ንቅንቅ አላለችም። ከቤት ልጆቹ ጮኹ። ድሚት ታንኳዋን አየች፣ ቤቱን አየች፣ እንደገና ታንኳዋን አየች። ወደ ልጆቿ ሄደች። ምን ታድርግ?

ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ ዳር ወርዶ ቆመ። ውሻው ከፊት ነው። ታንኳዋ አብጣለች፣ ሆዷ ከውሃው ጋር እኩል ሆኗል።

«አያ ውሮ» አለች እያቃሰተች፣ «ዛሬ ተወኝ። ሌሊቱን ሐይቁን ስጠጣ አድሬያለሁ። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አቁመኝና ነገ እወስድሃለሁ።»

«ነገ? ይኼን ሁሉ ሰው ጠርቼ?»

«ሰውየው፣ ልጆችህን አስብ!» አለች ድሚት ከዳር።

«ፈሪ!» አላት። ገፋ፣ ወጣ፣ ቁጭ አለ፣ በቀኝም በግራም ቀዘፈ። የተማረውን ሁሉ በትክክል አደረገ። ያልተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጥቂት እንደራቀ እግሩ ራሰ።

«ምንድን ነው?» አለ መቅዘፊያው።

«ጤዛ ነው» አለ ውሮ።

ትንሽ ሄዶ ሆዱ ራሰ።

«አያ ውሮ፣ አሁንስ?»

«ላብ ነው። ስሠራ ያልበኛል።»

ትንሽ ሄዶ ውሃው አንገቱ ደረሰ። መቅዘፊያው ምንም አልጠየቀም። ውሮም ምንም አልመለሰም።

«ደህና ሁን አያ ውሮ» አለች ታንኳዋ፣ ድምጿ ከውሃ በታች እየሆነ። «ሳልደክም ሦስት ቀን ተሸክሜህ ነበር። እኔ አንዲት ማታ ብቻ ነው የጠየቅሁህ። ለእህቶቼ ለደንገሎቹ ግን እነግራቸዋለሁ፤ ሥሮቻችን እዚህ ታች ናቸው ያሉት።» ይኼን ብላ ወረደች። መረቡም አብሯት ወረደ።

ውሮ መቅዘፊያውን በአራት እግሩ አቅፎ ጥፍሩን ተከለበት።

«ቀስ! ወጋኸኝ!» አለ መቅዘፊያው። ቀርከሃ ነውና አልሰጠመም። ነፋሱ እየሳቀ ገፋቸው፣ ወደ ዳርም አመጣቸው። ውሮ ሁሉም እያየው ከውሃ ወጣ። ጠጉሩ ተለጥፎበት ግማሹን አክሎ ነበር። ያ ሁሉ ውሮ ጠጉር ኖሯል!

ውሻው ጎንበስ ብሎ አየው። «አያ ውሮ፣ ዓሣው የት አለ?»

«እ... እየታጠብኩ ነው» አለ ውሮ። እግሩንም ይልስ ጀመር።

እንቁራሪቶቹ ያን ለት የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ አላለቀም። በዳር ስታልፉ ስሟቸው።

ድሚት ግን አልሳቀችም። አልተሳደበችምም። ሐይቁን አየች፣ የደንገሉን ጉቶ አየች። ከዚያ ቤት ገባችና ልጆቿን አንድ በአንድ አንገታቸውን በአፏ ይዛ፣ ሰዎች ዓሣ ወደሚያራግፉበት ዳር አመላለሰቻቸው። መጨረሻ ትንሿን አመጣች። ቁጭ ብላም «ሚያው» አለች። ከሰዎቹ አንዱ ያልፈለገውን የዓሣ አንጀት ወረወረላት። እንደገና «ሚያው» አለች። ራስ ወረወረላት። ልጆቿ አደጉ፣ ትንሿም አደገች፣ ክረምትንም አዩ። ባለታንኳ የነበረችው እናታቸው ግን ከዚያ በኋላ እንጀራዋ ከሰው እጅ ሆነ።

ውሮም አለ። ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ ይልሳል። ስትጠይቁት ዛሬም እየታጠበ ነው። የዓሣ ራስ ሲወረወር ግን ከሁሉም ፊት ነው።

ታንኳዋም ቃሏን ጠበቀች። ለደንገሎቹ በሥሮቻቸው በኩል ነገረቻቸው፣ ደንገሎቹም ለዓሣ አጥማጆቹ ነገሩ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በጣና ዳር ሲመሽ ብትወርዱ፣ ታንኳው ሁሉ ዛፍና ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ታዩታላችሁ። ቀን ታንኳው የተሸከመው ሰው ማታ ራሱ ተሸክሞ ያወጣዋል። የሚያፍር የለም።

እናንተም ልጆች፣ አድጋችሁ ታንኳ ቢኖራችሁ፣ ሚስት ቢኖራችሁ፣ እናት ቢኖራችሁም፣ ቀኑን ተሸክማ ያዋለቻችሁን ማታ ጫፏን ያዙላት። እያወራችሁም ቢሆን ያዙላት።

በሉ እኔም ተረቴን ከውሃ አውጥቼ አቁሜዋለሁ። ደርቆ ሲቀል፣ ግፉት የእናንተ ነው።